ርስት ያልነበራቸው አያቶቻችን በምን ኖሩ?



የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ከመግሪብ በኋላ ደምበጫ መስጂድ በር ላይ የሚሰማው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። እከሌ አለፈ፤ እከሌ ሬሚዲያል ደረሰው፤ እከሌ ደግሞ «ቴክኒክ ገባ»። ሦስተኛው ሲነገር ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ለቅሶ ቤት የተገባ ይመስላል። አባትየውም «ምን ይደረግ፣ የአላህ ቀደር ነው» ይላል። ልጁ ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ሊማር ነው እንጂ ሌላ የደረሰበት ነገር የለም።

ቁጥሩን እንይ። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ አካባቢ በዚያ በር አያልፍም ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ የሰላሙ ሁኔታ ተጨምሮበት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙባቸው ጊዜያት አሉ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ወጣት «ወደቀ» ብለን ልናልፈው ነው? ዛሬ ምክር ልሰጥ አልተነሳሁም። ይህ በእጅ ሥራ ማፈር ከየት እንደመጣብን ታሪኩን ማየት ስለፈለግሁ ነው፤ ምክንያቱም በጎጃምና በጎንደር የኖረ ሙስሊም በእጅ ሥራ የሚያፍርበት አንዳች ምክንያት የለውም። የቆመው በእሱ ነው።

«ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለውን አባባል ሽማግሌዎቻችን በደንብ ያውቁታል። አባባሉ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ሥርዓቱን የሚገልጽ ቃል ነበር። በሰሜኑ ደጋ አገር ሰው የሚባለው ርስት ያለው ነው። ርስት ደግሞ በዘር የሚወረስና ከቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት አገልግሎት ጋር የተያያዘ ስለነበር ሙስሊሙ በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ነበር። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም የሚባለው የጎንደር ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በየቦታው ሁኔታው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ወሎ ላይ ሙስሊሙ መሬት ነበረው፣ ገበሬም ነበር። ጎጃም ላይ ግን ማረስ የፈለገ ሙስሊም ብዙውን ጊዜ የሰው መሬት በእኩል ወይም በእርቦ ያርስ ነበር።

መሬት የሌለው ሰው ምን ይበላል? ሁለት መንገድ ነበረው፤ ንግድና እጁ።

ስለ ንግዱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ በአጭሩ ልለፈው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በአገሪቱ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ እንደነበር በ1830ዎቹ እዚያ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ጽፏል። ከዚያ ሲራራ ነጋዴው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉድሩ ይወርዳል፤ ቡሬም ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ ማረፊያ ነበረች። አሞሌ ጨው ይሄዳል፤ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና ይመጣል። በዚያ መንገድ የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። አያቶቻችንን ስናወድስ ይህንን መደበቅ አይገባንም። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ ስለ ጎጃም ንግድና ደሪጣ ስለምትባለው የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ የጻፈውን ያገኛችሁ አንብቡት።

ይህን ያህል ያልተጻፈለት ሸማኔው ነው። ነጋዴው በቅሎና መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ ዕድል ከቀናው ነጋድራስ ተብሎ ይሾማል። ሸማኔው ግን የሚያስፈልገው ጥቂት እንጨት፣ መወርወሪያውና አንድ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን ይረግጣል፤ በእጁ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፋል። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። የገበሬው ሚስት ፍሬውን ለይታ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ልቃቂቱን ይዛ ወደ ሸማኔው ትሄዳለች። የእጁን ዋጋ በእህል ወይም በገንዘብ ትከፍለዋለች። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቡሉኮው እንዲህ ይሠራል። በብዙ የጎጃምና የጎንደር ቀበሌ ክርስቲያኗ እናት እሁድ ለብሳው ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ነጠላ የሙስሊም ሸማኔ እጅ ያረፈበት ነበር። አብሮ መብላት በማይቻልበት ዘመን እንኳ ድርና ማጉ አላለያያቸውም።

ወጣቶች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የሚከተለውን ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ሲታዘዝ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ከጎንደርና ከደሪጣ ወደ መተማ የወረዱ ነበሩ። ርስት ያለው ሰው ሲሰደድ ርስቱን ትቶ ነው የሚሄደው። ሸማኔ ሲሰደድ ግን የሚተወው ጉድጓዱን ብቻ ነው፤ መወርወሪያውን በስልቻ ይይዛል፣ ችሎታው በጣቱ ላይ ነው፣ የደረሰበት አገር ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል። ማንም ሊነጥቀው የማይችል ሀብት ያለው እሱ ነበር። ደግሞም ለልጁ ያወርሰዋል። ልጁ መጀመሪያ ቀሰም ይጠቀልላል፤ የተበጠሰ ክር መቀጠል ይለማመዳል፤ አባቱ ለሶላት ሲነሳ ቦታው ላይ ተቀምጦ ይሞክራል፤ ያበላሸዋል፤ ይፈታል፤ እንደገና ይሠራል። ዛሬ በየኮሌጁ «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው ነገር የዚህ የአባትና ልጅ ትምህርት ነው፤ ወረቀት ብቻ ተጨምሮበታል።

ታዲያ ለዚህ ሰው ምን ተባለለት? ስድብ። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ ተባለ፤ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ሁሉም የየራሱ ስድብ ወጣለት። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ማታ ይፈራዋል፤ ልጁን አይድርለትም። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማውጣት ደረሱ። አዋጁ ባለሙያውን በሥራው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል የሚል ነበር፤ በስድብ ምክንያት ሙያ ከአገር እየጠፋ ነው ሲሉም አማረሩ። አገር ሙሉ የሚሳደብ ባይሆን ንጉሥ ለስድብ አዋጅ አያወጣም።

ከእሳቸው በፊት አፄ ቴዎድሮስም የሙያን ጥቅም ተረድተውት ነበር። በ1850ዎቹ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ከእነሱ ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሳይሳኩ ቀርተው በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝን ሞርታር ተሠራ። ሞርታሩ መቅደላ ላይ የረባ ሥራ አልሠራም። የሚያሳዝነው ግን ንጉሡ ሲሞቱ የጋፋት ሙያም መቋረጡ ነው። የሸማኔው ጉድጓድ የቴዎድሮስን ማቅለጫ በዕድሜ በለጠው። ለምን? ሙያው በንጉሥ ትእዛዝ ላይ ሳይሆን በየቤቱ ስለቆመ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጉድ ማንሳት ግድ ይላል። ባሕር ዳርና ጣና ዳር ያሉት ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ጣናን ያለ እነሱ ታንኳ ማሰብ አይቻልም። ነገር ግን ጉማሬ ይበሉ ነበር እየተባለ ሌላው ሙስሊም ራሱ «እነዚህማ ሙስሊም አይደሉም» ሲል፣ ከእነሱ ጋር መብላትና መጋባት ሲጠየፍ ኖሯል። በሙያችን ተሰደብን ብለን የምናለቅስ ሰዎች በተራችን ባለሙያ ሰድበናል። ያ ስድብ ሃይማኖት አልነበረውም፤ ሁሉም ቤት ገብቷል። ዛሬ «ቴክኒክ ገባ» ስንል ድምፃችን ዝቅ የሚለውም በዚያው ቅርስ ነው። ከአያቶቻችን የወረስነው ሽመናውን መሆን ሲገባው፣ ሰዳቢዎቻቸው የተዉትን ቃል ወረስን።

በዲናችን ውስጥ ለዚህ ንቀት ቦታ የለውም። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረት ለዝቦላቸው ጥሩር ይሠሩ ነበር፤ ንጉሥ ሆነውም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ ነበሩ። እነዚህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው የኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ.) ነገር ነው። መካ ውስጥ ሰይፍ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ በዚያ ላይ ባሪያ። አል-ዓስ ኢብን ዋኢል የተባለው የቁረይሽ ባለጸጋ የሠሩበትን ዋጋ ሲጠይቁት «በሙሐመድ ካልካድህ አልከፍልህም» አላቸው። «ሞተህ እስክትቀሰቀስ ድረስ አልክድም» አሉት። «እንግዲያው ስቀሰቀስ ገንዘብም ልጅም ይኖረኛል፤ ያኔ እከፍልሃለሁ» ብሎ አፌዘባቸው። በዚህ ምክንያት ከሱረቱል መርየም አንቀጾች ወርደዋል። የአንድ ባለሙያ ያልተከፈለ የእጅ ዋጋ ቁርኣን ውስጥ ገብቶ ይኸው እስከ ዛሬ ይቀራል።

መድረሳ ለተቀመጥን ደግሞ የኢማም አል-ቀፋል አል-መርወዚ ታሪክ አለ። «ቀፋል» ማለት ቁልፍ ሠሪ ማለት ነው። እስከ ሠላሳ ዓመታቸው ድረስ መርው ከተማ ውስጥ ቁልፍ ይሠሩ ነበር፤ መክፈቻው በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ያነሰ ቁልፍ እንደ ሠሩም ይተረካል። ከሠላሳ በኋላ ፊቅህ ቀሩ፤ በሻፊዒ መዝሀብ ስማቸው የሚጠራ ኢማም ሆኑ፤ በ417 ሒጅሪ አለፉ። የነሕው ሊቁ አዝ-ዘጃጅ ደግሞ መስታወት ሠሪ ነበሩ፤ በቀን ከሚያገኙት አንድ ዲርሃም ተኩል ላይ አንዱን ዲርሃም ለአስተማሪያቸው ለአል-ሙበሪድ እየከፈሉ ነው ዐረብኛን የተማሩት። ዐሊም ሆነውም ስማቸውን አልቀየሩም። በእኛ አገር ቢሆን ቤተሰቡ «ኧረ ይህን ቁልፍ ሠሪ የሚለውን ተው» ባለ ነበር።

ወደ አገራችን ልመለስ። የእጅ ሙያ አይሞትም የሚል ተረት አልነግራችሁም፤ ይሞታል፤ ባይሞትም ይለወጣል። አቡጀዲ ከውጭ መግባት ሲጀምር ተራውን ጨርቅ የሚሠራው ሸማኔ ገበያው ጠበበ። ቆይቶ የፋብሪካ ክር መጣ። ብልሁ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል አድርጎ ሥራውን አፈጠነ። ሌላው ጉድጓዱን ደፍኖ ሲንጀር መኪና ገዛና በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ሆነ። አንድም ነገር ያልለወጠው ሰው ተቸገረ። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ጣት ሲያደርገው የነበረውን ሥራ ማሽን ወሰደው፤ ነገር ግን ማሽኑን የሚጠግን ሰው ያስፈልግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የግብርና መካኒክስ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ማሠልጠን ጀመረ። አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። ያ ፖሊቴክኒክ በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ዛሬም ግቢው «ፖሊ» ይባላል። ዩኒቨርሲቲ መሆኑ መልካም ነው። ይሁንና እንደኔ አስተያየት አገሪቱ የሙያ ትምህርት ቤቷን ወደ ዲግሪ ከፍ ስታደርግ የታችኛውን ደረጃ ለረጅም ጊዜ ባዶ ተወችው።

በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ሰልፍ ሲወጣ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና የገጠሩ ሙስሊም እንደ ጎረቤቱ መሬት የማግኘት መብት አገኘ። ትልቅ ፍትሕ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም የሚገርም ነገር ተከተለ። የቤቱን ጉድጓድ ደፍኖ ማረሻ የጨበጠው ሰው ልጆች በዙ፤ መሬቱ ግን አልጨመረም። ዛሬ ደምበጫ ዙሪያ ያለ ወጣት ከአባቱ የሚደርሰው መሬት ለአንድ ቤተሰብ የማይበቃ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ዞረን መሬት ወደሌለው አያታችን ጥያቄ ተመለስን።

ፎገራ ወረዳ ያለችውን አውራ አምባን እዩ። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተች ማኅበረሰብ ናት። በሃይማኖት ጉዳይ ከእነሱ ጋር የማንስማማበት ብዙ ነገር አለ፤ እሱ ሌላ ርዕስ ነው። ግን ተሰደው ሲመለሱ የቀረላቸው መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው በእርሻ ሊኖርበት አይችልም። ወደ ሽመና ዞሩ፤ ወንዱም ሴቷም ሸማኔ ሆኑ፤ ዘመናዊውንም መሸመኛ አስገቡ፤ በእሱም ትምህርት ቤትና ወፍጮ ቤት አቋቋሙ። መሬት ያጣ ሰው በእጅ ሥራ እንዴት እንደሚቆም በእኛው ዘመን ያሳዩ እነሱ ናቸው።

አሁን ያለው ሥልጠና ምን ይመስላል? በወረቀት ላይ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 አለ፤ ሠልጥነህ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን፣ ትወስዳለህ። አብዛኛው ጊዜ ተግባር መሆን እንዳለበት ተጽፏል። በተግባር ግን የማውቃቸው ልጆች የሚነግሩኝ ይለያል፤ አንዱ ብየዳ ተምሮ ሲወጣ ያቃጠለው ኤሌክትሮድ በጣት የሚቆጠር ነበር። የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ ማንሳት አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሥራ ሲያጣ ሰው «አላልንም?» ይላል። ጥፋቱ ግን የሙያው አይደለም፤ ልጁ ገና ሙያው የለውም። አያቱ ቢሆን አንድ ዓመት ቀሰም ሲጠቀልል ይቆይ ነበር። ስለዚህ ኮሌጅ የገባህ ወንድሜ፣ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ያለው በያጅ ዘንድ ሂድ፤ መጀመሪያ ብረት ያዝለት፣ ግቢውን ጥረግለት። እህቴም ልብስ ስፌት ከመረጥሽ ከአንዲት ጥሩ ሰፊ ጎን ተቀመጪ። ነፃ ጉልበት መስጠት ያሳፍራል የሚል ካለ፣ ኢማም አል-ቀፋልን ቁልፍ መሥራት ያስተማራቸውም አንድ ሰው ነበር።

ሥራው የለም እንዳትሉኝ። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ትልቅ የዘይት ፋብሪካም እዚያው ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካ ባለበት ሞተር ይቃጠላል፣ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ገመድ ይበጠሳል። መንገዱ ሲዘጋና ግብዓት ሲጠፋ ፋብሪካም እንደሚቆም አውቃለሁ፤ የሰላሙ ነገር ሁላችንንም የያዘን ነው። ያኔም ቢሆን የደምበጫ ሰው ቤቱን ይሠራል፣ ባጃጁ ይበላሻል፣ የውኃ ፓምፑ ይነክሳል። ቤተሰብ ተበድሮ ለልጁ ባጃጅ ሲገዛ አያለሁ፤ በዚያው ገንዘብ የብየዳ ማሽንና የእጅ መሣሪያ ገዝቶ የሚተርፍ ነገር ይኖረዋል ብለን ግን አናስብም። ወለድ ለሚጠነቀቅ ሰው የአምስት ጓደኛሞች ዕቁብ በየተራ መሣሪያ ሊያስገዛ ይችላል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ደብረ ማርቆስና ቢቸና ያላችሁ፣ አያቶቻችሁ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቆዳ ሠሪ ከነበሩ ከአረጋውያን ጠይቃችሁ ጻፉልን፤ ከማን እንደተማሩ፣ የት ሰፈር እንደሠሩ፣ የእጃቸው ዋጋ ስንት እንደነበር። በቤታችሁ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ መወርወሪያ ካለም ለማገዶ አታውሉት፤ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን።